ክርኑ የተሰበረ ልጅ እጁን እንዳያጣ

የዛሬው ዝግጅት ስለ ክርን ስብራት ነው፤ በይበልጥም ስለ ልጆች ክርን።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ማንጎ ሲበስል ልጆች ዛፍ ላይ ይውላሉ። የአሶሳ ማንጎ በአገር የታወቀ ነው፤ ዛፉ ይገዝፋል፣ ቅርንጫፉ ይረዝማል፣ የበሰለው ፍሬ ደግሞ ብዙ ጊዜ እጅ የማይደርስበት ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ ጫፍ የሚወድቅ ልጅ ሳያስበው እጁን ይዘረጋል። መዳፉ መሬት ሲነካ የሰውነቱ ክብደት በተዘረጋው ክንድ በኩል ወደ ላይ ይወጣና ክርኑ ላይ ያርፋል። የሚሰበረውም እዚያው ነው። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ በሚገኝበት በጉባ ወረዳ፣ በዋና ከተማው በማንኩሽ፣ ዛፍ የማይወጣ ልጅም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ከአህያ ጀርባ መውደቅ፣ ኳስ ሲያባርሩ መደናቀፍ፣ ከሞተር ብስክሌት ላይ መፈናጠር፣ ሁሉም ክርንን በዚያው መንገድ ያገኙታል።

ይህ ጉዳይ የሬዲዮ ሰዓት የተሰጠው አንድ ነገር ስላለ ነው። ክርኑ ተሰብሮ እጁን የሚያጣ ልጅ ብዙውን ጊዜ እጁን ያጣው በስብራቱ ሳይሆን ከስብራቱ በኋላ ባሉት ሰዓታት በተደረገለት ነገር ነው። ስለዚህ እጁን ማትረፍ በአብዛኛው በቤተሰብ፣ በወጌሻና በጤና ጣቢያ ባለሙያ እጅ ነው።

ክርን ሦስት አጥንቶች የሚገናኙበት መጋጠሚያ ነው፤ አንዱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። የላይኛው የክንድ አጥንት ወደ ክርን ሲቃረብ ጠፍጠፍ ብሎ ይሰፋል። ከፊትም ከኋላም ጉድጓድ ስላለው በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል የሚቀረው አጥንት እጅግ ስስ ነው። ጉድጓዶቹ ክንድ ሲታጠፍና ሲዘረጋ የታችኞቹ አጥንቶች ጫፍ የሚገባባቸው ናቸው። የትንንሽ ልጆች ጅማት በጣም ስለሚለጠጥ ክርናቸው ከቀጥታ አልፎ ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል። ልጁ በተዘረጋ እጁ ላይ ሲወድቅ የታችኛው አጥንት ጫፍ ወደ ኋለኛው ጉድጓድ ይገባና ስሱን አጥንት ገፍቶ ይሰብረዋል። በልጆች ላይ ከሚደርሰው የክርን ስብራት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይኸው ከክርን ከፍ ብሎ የሚደርሰው ስብራት ነው፤ በብዛት የሚታየውም ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ነው።

ታዲያ ስብራት መሆኑ በምን ይታወቃል?

«ወለምታ ነው፣ ታሽቶ ይለቀዋል» የሚለው የመጀመሪያ ፍርድ ብዙ ልጅ ጎድቷል። በዚህ ዕድሜ ከጅማቱ ይልቅ ቀድሞ የሚሸነፈው አጥንቱ ነው። ከወደቀ በኋላ ክርኑ ያበጠ ልጅ፣ ራጅ ተነሥቶ ሌላ ነገር እስካልታየ ድረስ፣ እንደተሰበረ መቆጠር አለበት። ልጁ እጁን አያንቀሳቅስም፤ የተጎዳውን ክንድ በደህናው እጁ ደግፎ ይይዛል። እብጠቱ ብዙ ጊዜ ሰዓት ሳይሞላ ይወጣል። ስብራቱ ከባድ ከሆነ ክንዱ ከክርኑ በላይ ተቆልምሞ ይታያል። በክርኑ የፊት ገጽ ላይ ቆዳው ወደ ውስጥ ተስቦ ከተጨማደደ ወይም ከጠቆረ ደግሞ የተሰበረው አጥንት ስለት ጡንቻውን ወግቶ ቆዳው ሥር ደርሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ሌሊትም ቢሆን ማደር የለበትም።

ክርኑ ያልተጣመመ፣ እብጠቱም ትንሽ የሆነ ልጅስ? እ.ኤ.አ. በ2008 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ አንድ ጥናት ለዚህ ቀላል መለያ ይሰጣል። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ክርናቸውን ተጎድተው የመጡ 1,740 ትልልቆችና ልጆች ክንዳቸውን ሙሉ በሙሉ እንዲዘረጉ ተጠየቁ። መዘርጋት ካቃታቸው መካከል ግማሽ ያህሉ ስብራት ተገኘባቸው፤ መዘርጋት ከቻሉት ግን ስብራት የተገኘባቸው ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ ክርኑ እንደ ደህናው እጁ አልዘረጋ ያለው ሰው ራጅ ያስፈልገዋል። ክንዱን መዘርጋት ያለበት ግን ልጁ ራሱ ነው። ማንም ጎትቶ መዘርጋት የለበትም፤ ተቆልምሞ በሚታይ ክንድ ላይም ጭራሽ አይሞከርም። መዘርጋት የቻለውም ልጅ ሕመሙ ከሳምንት በኋላ ካልለቀቀው ተመልሶ ይታይ።

እዚህ ላይ ከስብራት ጋር የሚምታታ አንድ ነገር አለ። ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ሳይወድቅ፣ እጁን ተይዞ ወደ ላይ ከተሳበ በኋላ ክንዱን አላንቀሳቅስም ሊል ይችላል። እብጠት የለውም፤ ክንዱንም ጎኑ ላይ አንጠልጥሎ ይቀመጣል። ይህ የታችኛው አጥንት ራስ ከማቀፊያ ጅማቱ በትንሹ መንሸራተት ነው፤ የሠለጠነ ጤና ባለሙያ በአንድ አፍታ ይመልሰዋል፣ ልጁም ወዲያው መጫወት ይጀምራል። ከከፍታ የወደቀና ክርኑ ያበጠ ልጅ ግን ከዚህ ጋር ፈጽሞ አይምታታ። እብጠት ያለበትን ክርን ለመመለስ ብሎ መጠምዘዝ የተሰበረውን አጥንት ደም ቅዳ ላይ መግፋት ሊሆን ይችላል።

የጉዳዩ አደጋ ያለው ደግሞ እዚሁ ላይ ነው። ለእጅ ደም የሚያደርሰው ዋናው ደም ቅዳና ሦስት ትልልቅ ነርቮች በክርኑ ዙሪያ፣ አጥንቱን ተጠግተው ያልፋሉ። አጥንቱ ተሰብሮ ሲንሸራተት የሾለው ጫፉ ደም ቅዳውን ሊጫነው፣ ሊያጥፈው፣ አልፎ አልፎም ሊበጥሰው ይችላል። እጁን ከመጠን በላይ ማጠፍም እንደዚያው ነው፤ የጎማ ቱቦ ሲታጠፍ ውኃው እንደሚቆም ደሙም ይቆማል። ስለዚህ ክርኑ የተጎዳ ልጅ ሲመጣ ከክርኑ ይልቅ ቀድሞ መታየት ያለበት እጁ ነው።

አይቶ ለመፍረድ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የሁለቱ እጆች ጣቶች ጎን ለጎን ይታዩ፦ ቀለማቸው አንድ ነው? ሙቀታቸውስ? ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ የነጣው በሁለት ሰከንድ አካባቢ ወደ ቀይነቱ ይመለሳል? የደም ትርታው በእጅ አንጓው ላይ ይዳሰሳል? ቀጥሎ ነርቮቹ ይፈተሹ። ልጁ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስር፤ ጣቶቹን አራርቆ ይዘርጋ፤ አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን ጫፍ ለጫፍ አገናኝቶ ቀለበት ይሥራ። ብዙ ጊዜ የሚያቅተው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ለሁለቱ ጣቶች ጫፍ ጉልበት የሚሰጠው ነርቭ በዚህ ስብራት በብዛት ይጎዳልና። የነርቭ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይድናል። ቢሆንም ከሕክምናው በፊት መኖሩ ካልታወቀና ካልተመዘገበ በኋላ ከምን እንደመጣ መለየት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ወጌሻው እንምጣ። በኢትዮጵያ ገጠር አጥንት ሲሰበር የመጀመሪያው በር የወጌሻው ቤት ነው። ቅርብ ነው፣ የታወቀ ነው፣ ዋጋው አይከብድም፤ ብዙ ቀላል ስብራትም በእጁ ድኗል። ይህን መካድ ትክክልም አይሆንም፣ አይጠቅምም። የሚያስፈራው ማሰሪያው ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቀርቀሃ በሽ ነው፤ ተሰንጥቆ፣ በጨርቅ ተጠምዝዞ፣ ጠበቅ ተደርጎ ክንዱ ላይ ይታሰራል። ክርን ግን ከተሰበረ በኋላ እስከ ሁለተኛው ቀን ድረስ ማበጡን አያቆምም። ማሰሪያው አይሰፋም፣ እብጠቱ ይጨምራል፣ በመካከል የሚጨመቀው ጡንቻና የደም ሥር ነው። ደም ያልደረሰው ጡንቻ ከስድስት ሰዓት ያህል በኋላ መሞት ይጀምራል።

ይህን በዝርዝር የጻፈው ሪቻርድ ፎን ፎልክማን የተባለ፣ በሃለ ከተማ ይሠራ የነበረ ጀርመናዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ክንዳቸው በጥብቅ ከታሰረ በኋላ ጣቶቻቸው ተኮማትረው የቀሩ ሰዎችን ጠቅሶ፣ መንሥኤው የጡንቻው ደም ማጣት መሆኑን አስረዳ። የሞተው ጡንቻ ወደ ጠባሳ ይለወጣል፣ ጠባሳው ያጥራል፣ እጁ ከአንጓው ታጥፎ ጣቶቹ ተቆልምመው ይቀራሉ። ልጁ እስክሪብቶ አይጨብጥም፣ መኮትኮቻም አይይዝም። ከዚያም የባሰው ሥጋው ጠቁሮ መሞቱ ነው፤ ያን ጊዜ ለሐኪሙ የሚቀረው ምርጫ መቁረጥ ብቻ ነው።

ማሰሪያ ጥንታዊ ጥበብ ነው። ዓባይ ከጉባ ወርዶ በሚደርስበት በግብፅ፣ ናጋ ኤድ ዴር በተባለ ሥፍራ፣ ከ4,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ካላቸው መቃብሮች ውስጥ በእንጨትና በጨርቅ የታሰሩ የተሰበሩ አጥንቶች ተቆፍረው ወጥተዋል። እንጨቱና ጨርቁ ጥፋት የለባቸውም። ጥፋቱ መጥበቁ ነው፤ የሆስፒታል ጀሶም ጠብቆ ከታሰረ ያንኑ ያደርጋል።

ተስፋ የሚሰጥ ማስረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያው የአጥንትና የመጋጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ያሳተመው ጽሑፍ፣ ለወጌሾች ቀላል ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ፣ በማሰሪያ ምክንያት ሥጋው ሞቶ የሚቆረጥ እጅና እግር ቁጥር መቀነሱን ያሳያል። ወጌሻውን መሳደብ እንዲህ ያለ ውጤት አምጥቶ አያውቅም።

በማንኩሽ ልጁ የወደቀበት ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምን ያድርግ? ቀለበት፣ አምባር፣ የእጅ ጨሌ ካለ እብጠቱ ሳያግደው ይውለቅ። ክርኑ አይታሽ፤ ቅቤም፣ ቅጠልም፣ ትኩስ ነገርም አይደረግበት። አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ከወጣ ተመልሶ አይገፋ፤ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፣ ጤና ጣቢያም ሲደርስ የቴታነስ መከላከያና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ወዲያው ይሰጠው። ከዚያ ክንዱ ይደገፍ። ለዚህ ያው ቀርቀሃ ወይም የታጠፈ ካርቶን ይበቃል። በለስላሳ ጨርቅ በደንብ ተሸፍኖ፣ ክርኑ በትንሹ ብቻ እንደታጠፈ፣ ከክርኑ በላይና በታች ይታሰር እንጂ በክርኑ ላይ ጨርቅ አይጠምጠም። በማሰሪያውና በቆዳው መካከል ጣት እንደልብ መግባት አለበት። የእጅ ጣቶች በሙሉ ውጭ ይሁኑ። በነጠላ ወይም በሻሽ ከአንገቱ ይንጠልጠል። ለሕመሙ በክብደቱ መጠን ፓራሲታሞል መስጠት ይቻላል። ምግብ ግን የጤና ባለሙያ ሳይጠየቅ አይስጡት፤ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ስለሚችል መጨረሻ የበላበትን ሰዓት ያስታውሱ።

ከማንኩሽ በማንቡክ በኩል ወደ ግልገል በለስና ወደ ፓዌ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው። በዚያ መንገድ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ጣቶቹ ይታዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው እዚያው መኪናው ውስጥ ይፈታ፣ ክርኑም ታጥፎ ከሆነ ቀስ ብሎ ይላላ። ከሁሉም በፊት የሚመጣው ምልክት ግን ቀለም አይደለም፤ ሕመም ነው። ከታሰረ በኋላ ጋብ ማለት ሲገባው እየባሰ የሚሄድ፣ በማስታገሻ የማይበርድ፣ ጣቶቹ በቀስታ ሲዘረጉ ልጁን የሚያስጮኸው ሕመም ጡንቻው እየታፈነ ለመሆኑ ማስጠንቀቂያ ነው። «ልጅ ነው፣ ያለቅሳል» ብሎ ማለፍ ትልቅ ጥፋት ነው። የደም ትርታው ቢዳሰስም እንኳ ይህ ሕመም ካለ ማሰሪያው ይፈታ።

ሆስፒታል ሲደርስ ራጅ ከፊትና ከጎን ይነሣል። የልጅን ክርን ራጅ ማንበብ ለባለሙያም ፈታኝ ነው። የክርኑ ብዙው ክፍል ገና ያልጠነከረ ለጋ አጥንት ስለሆነ በራጅ አይታይም። ስድስት የማጠንከሪያ ማዕከሎች ከ1 ዓመት እስከ 11 ዓመት ገደማ ተራ በተራ ብቅ ይላሉ፤ ስለዚህ ጤነኛው የተሰበረ፣ የተሰበረውም ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። የስብራቱ መስመር ባይታይም ከአጥንቱ ኋላ ያለው ስብ ተገፍቶ በጎን ራጁ ላይ ከወጣ፣ በመጋጠሚያው ውስጥ ደም እንዳለ ስለሚያመለክት እንደ ስብራት ይታከማል።

ሕክምናው የሚወሰነው አጥንቱ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ታይቶ ነው። ሐኪሞች ዛሬም የሚጠቀሙበት፣ ጋርትላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበው አከፋፈል ሦስት ደረጃ አለው። ያልተንቀሳቀሰው ሦስት ሳምንት ገደማ በጀሶ ተደግፎ ይድናል። ወደ ኋላ ያጋደለው፣ ይልቁንም ጨርሶ የተለያየው፣ በማደንዘዣ ይመለስና ቆዳው ሳይከፈት በሚገቡ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ይያያዛል፤ ሽቦዎቹ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣሉ። ይህን ለማድረግ የሚያስችል መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታል ክንዱን በክብደት ስቦ አልጋ ላይ ማቆየት የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው። እጁ ደም ካጣ አጥንቱን ወደ ቦታው መመለስ ራሱ ብዙ ጊዜ ደሙን ይመልሳል፤ ካልመለሰ ደም ቅዳው ተከፍቶ መታየት አለበት። ከአቅም በላይ የሆነው ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን፣ አልያም ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይላካል።

«ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይቃናል» የሚባለው ለሌላ አጥንት ይሠራል፣ ለክርን ግን አይሠራም። የላይኛው ክንድ አጥንት ከሚያድገው 80 በመቶ ያህሉን የሚያድገው በትከሻው ጫፍ ነው፤ ለክርኑ ጫፍ የሚቀረው 20 በመቶ ብቻ ነው። ክርኑ ላይ ተጣሞ የገጠመ አጥንት ስለዚህ ራሱን የማቃናት አቅሙ ትንሽ ነው፤ ክንዱ ወደ ሰውነት ታጥፎ ይቀራል፣ የሚስተካከለውም አጥንቱ እንደገና ተቆርጦ ነው። የልጅ አጥንት ቶሎ ይገጥማል፤ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ የመጣውን በጉልበት ልመልስ ማለት አዲስ ጉዳት ይጨምራል። በመጀመሪያው ቀን መድረስ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

አንድ ስብራት በተለይ ያታልላል። በክርኑ የውጭ ጎን የሚሰበረው አጥንት እብጠቱ ትንሽ ነው፤ ጣቶች ይንቀሳቀሳሉ፣ የደም ትርታው ደህና ነው፣ ቤተሰቡም ይረጋጋል። ይህ ቁራሽ ግን ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ብዙ ጊዜ በራሱ አይገጥምም። ክርኑ በዓመታት ውስጥ ወደ ውጭ ይጣመማል፣ ከክርን ጀርባ የሚያልፈው ነርቭ ይለጠጣል፤ ያ ልጅ ጎልማሳ ሲሆን ትንሿ ጣቱና ጎረቤቷ ይደነዝዛሉ፣ የእጁ ጡንቻ ይከሳል። ክርኑ በውጭ ጎኑ ሲነካ የሚያመው ልጅ ራጅ ሳይነሣ አይለቀቅ።

ትልልቅ ሰዎችም ይሰበራሉ፤ በባህላዊ ወርቅ ማውጫ ጉድጓድ፣ በሞተር ብስክሌት አደጋ። የክርኑ ሹል ጫፍ ተሰብሮ የተለያየበት ሰው ክንዱን በራሱ ኃይል ወደ ላይ መዘርጋት ያቅተዋል፤ ብዙ ጊዜ በሽቦ መታሰር ያስፈልገዋል። መዳፉን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያዞር ክርኑ የውጭ ጎን ላይ የሚያመው ደግሞ የታችኛው አጥንት ራስ ተሰንጥቆበት ሊሆን ይችላል። ያልተንቀሳቀሰ ከሆነ ጥቂት ቀን በማንጠልጠያ አርፎ ቶሎ ማንቀሳቀስ ይሻለዋል፤ የትልቅ ሰው ክርን በጀሶ ውስጥ በቆየ ቁጥር ይደርቃል።

ጀሶው ሲፈታ የልጁ ክርን ድርቅ ብሎ ይገኛል። ቤተሰብ የሚደናገጠውና ልጁን ለእሽት የሚወስደው ያን ጊዜ ነው። እባካችሁ አትውሰዱት። ክርንን በኃይል ማሸትና መጎተት ጡንቻው ውስጥ አዲስ አጥንት እንዲያድግ ሊያደርግ ይችላል፤ ያኔ ክርኑ ለሁልጊዜው ይቆለፋል። ልጁ ይጫወት፣ በእጁ ይብላ፣ ልብሱን ራሱ ይልበስ፤ እንቅስቃሴው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይመለሳል።

በመጨረሻም ለወጌሾቻችን አንድ ልመና አለ። ክርኑ ያበጠ ልጅ ደጃችሁ ሲመጣ ጣቶቹን እዩ፣ ላላ ባለ ድጋፍ ክንዱን ደግፉለት፣ ሳትጎትቱና ሳታሹ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። የወረዳና የዞን ጤና ጽሕፈት ቤቶችም ወጌሾችን ጠርተው ይህንኑ ያሠልጥኑ።